ቅኔ በአንድ ቅዳሜ

የቅኔ መምህሮቻችን ገበያ አያውቁም። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ ይማራል፤ እነሱ ግን የመመዝገቢያ እንኳ አያስከፍሉትም። 2 ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ያስጀምሩታል። ቅኔ ቆጥሮ ይመጣል፣ ይነግራል፣ መምህሩ ያፈርሱበታል። በማግስቱም እንዲሁ። 8 ቤት ያለው መወድስ ላይ እስኪደርስ ጢም ያቀመቅማል። ከዚያም «በቃኝ» አይልም፤ ከዋሸራ ተነሥቶ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ዋድላ ይሄዳል፤ ያወቀውን በሌላ መምህር ፊት እንደገና ሊያሳርም! የድጓ ዜማ ተማሪው ደግሞ ይብሳል፤ ለማስመስከር ጋይንት ቤተልሔም ድረስ መሄድ አለ።

እኛ ከተሜዎቹ ግን ሠልጥነናል። ቅዳሜ ጠዋት ሆቴል አዳራሽ እንሰበሰባለን። የሻይ ዕረፍት አለ፣ የፎቶ ዕረፍት አለ፣ በመሐልም ትንሽ ሥልጠና አለ። ርእሱ «ትዕግሥትና ጽናት» ነው፤ አሠልጣኙ ለሌላ አዳራሽ ስለሚቸኩሉ ትዕግሥትን ከምሳ በፊት ይጨርሱታል። ጽናት ጊዜ ስላጠረ በቴሌግራም ይላክልናል። ሰርተፍኬቱ ግን አይዘገይም፤ ስማችን ተጽፎበት፣ ተለብዶ፣ ገና ሳንቀመጥ በር ላይ ይጠብቀናል።

የኔታ፣ እባክዎ አንድ ፕሪንተር ይግዙ።