ደብተሩ እያጠና ነው

በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንደ ደብተር ጎበዝ ተማሪ የለም። ባለቤቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አስቀምጦት ይወጣል፤ ቁርስ አለበት፣ ቡና አለበት፣ ከዚያም ፑል። ደብተሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ላዩ ላይ ክዳኑ የጠፋ ቢክ፣ ከወንበሩ ጀርባ ደግሞ ትከሻው የወደቀ ጃኬት፤ ፈተና የከበደው ነው የሚመስለው። ቦታ ያጣ ተማሪ «ሰው አለበት?» ብሎ ቢጠይቅ ጎረቤት ቀና ሳይል «ተይዟል» ይለዋል። ውሸት የለበትም።

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቦታ ቢያጣም የሲኤምሲ ልጅ ምን ቸገረው! ሰፈሩ ካፌ በካፌ ነው። አንድ ማኪያቶ አዝዞ ላፕቶፑን ይከፍታል፤ አስተናጋጇም ጠረጴዛውን ደጋግማ እየወለወለች ጥናቱን ትከታተልለታለች። ሙዚቃውም የሚጮኸው እንቅልፍ እንዳይጥለው ታስቦ ነው። ካልተስማማው በ2014 የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለለት፤ በአንድ ጊዜ 3,500 ሰው ያስነብባል። አራት ኪሎ ድረስ መሄድ ብቻ ነው። ባቡሩ መገናኛ ያደርሰዋል፣ ከዚያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ አንድ ምዕራፍ ይጨርሳል። ሰልፍ ላይ ደብተር አስቀምጦ መጥፋት ገና አልተለመደም።

ፍትሕ ቢኖር ዲግሪው ለደብተሩ፣ ጋውኑም ለጃኬቱ ነበር። ጃኬቱ ሥራ ያጣል ተብሎም አይሰጋም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ ተንጠልጥለው፣ «አሁን እዚህ ነበሩ» እየተባለላቸው ደመወዝ የሚያስከፍሉ ታላላቅ ኮቶች አሉት።