የስዊድንን ዳቦ በለጋስ እጅ ማበላሸት

የስዊድን ባለሙያ እናቶች ሊጥ ላይ ሲደርሱ ስስታም ይሆናሉ። ለግማሽ ሊትር ወተት 50 ግራም እርሾ፣ 150 ግራም ቅቤ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ሄል፣ ጨው ደግሞ ለስሙ ያህል። ከዚህ የሚወጣውን ጣፋጭ ዳቦ ቀረፋ ነስንሰው ይጠቀልሉታል ወይም ይጎነጉኑታልና ከቡና ጋር ያቀርቡታል። ለቀረፋው ዳቦ ከ1999 ጀምሮ በየዓመቱ ኦክቶበር 4 የራሱን ቀን ሰጥተውታል። ለዳቦ ቀን ሰጥቶ ለሊጥ ዱቄት መንፈግ! እኛ እንግዳ አክባሪዎች ነን፤ የምናበላሸውም በልግስና ነው።

ከወተቱ ይጀምሩ። 37 ዲግሪ ይበቃዋል ይላሉ፤ ጣት ሲነከርበት አይሞቅ፣ አይቀዘቅዝ። ለሰው ለብ ያለ ወተት ይሰጣል እንዴ? እስኪገነፍል ያፍሉትና እርሾውን ከነእንፋሎቱ ይጨምሩበት። እርሾ ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ ሙቀቱ ከ55 ዲግሪ ሲያልፍ ማለቅ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያለዎት ጨዋ ሊጥ ነው፤ ኩፍ አይል፣ ክዳን አይገፋ።

እርሾው ከተረፈ ሌላ ዘዴ አለ። ስዊድኖቹ 50 ግራም ሲሉ ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጠውን ትኩስ እርሾ ማለታቸው ነው፤ ደረቁ ከሆነ ሲሶው ይበቃል። እርስዎ ግን ደረቁንም 50 ግራም መዝነው ይገልብጡት። ሊጡ ከሳህኑ ወጥቶ ጠረጴዛውን ይጎበኛል፤ ዳቦውም ጠላ ጠላ ይሸታል። አዲስ አበባ ላይ የሚጋግሩ ከሆነ ከፍታው ራሱ ያግዝዎታል። ከ2,300 ሜትር በላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ሊጥ ቶሎ ኩፍ ይላል። ስለዚህ ሰዓትዎን እንጂ ሊጡን አይዩ፤ ለስቶክሆልም አንድ ሰዓት ከተባለ ለእርስዎም አንድ ሰዓት ነው። መሃል ላይ ገልጦ ማየት ሊጡን አለማመን ይሆናል።

ዋናው ጥበብ ግን ዱቄቱ ላይ ነው። ቅቤና ስኳር ያለበት ሊጥ መጀመሪያ ላይ እጅ ይይዛል። የሚያውቁት ሰዎች ዱቄት ሳይጨምሩ አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያሹታል፤ ሲታሽ የስንዴው ፕሮቲን እርስ በርሱ ይያያዝና ሊጡ እየተለጠጠ፣ እየለሰለሰ፣ በራሱ ጊዜ እጅን ይለቃል። ይህን ሁሉ ምን ያስጠብቅዎታል? ፉርኖው አጠገብዎ አለ። ተጣበቀ? አንድ እፍኝ። አሁንም? ሌላ እፍኝ። ጎረቤትዎ ብቅ ብለው «ውይ፣ ይቺ ሊጥ ዱቄት አንሷታል» ካሉ፣ የእሳቸውንም እፍኝ አይመልሱ፤ ምርቃት ነው። በመጨረሻ እጅ የማይዝ፣ ጣት ቢጫኑት የማይሰረጉድ፣ ቢወረወር ሰው የሚፈነክት ሊጥ ያገኛሉ። አንዳንዶች በዚህ ጊዜ ጠጣር ሊጥ ጥሩ ሊጥ መስሏቸው ደስ ይላቸዋል። ደስታቸውን አይንኩባቸው።

ቅቤው ለጋ መሆኑ ግዴታ አይደለም። በኮሰረት የተነጠረውን ካደረጉበት ቀረፋው ቶሎ እጁን ይሰጣል። በሄሉ ፋንታም ኮረሪማ ማድረግ ይቻላል። ሁለቱም ከዝንጅብል ወገን ናቸው፤ ልዩነቱ፣ እንግዳው አንዴ ከነከሰ በኋላ ዓይኑ ወጡን መፈለጉ ነው። ሄሉን ገዝቼ ነው የምጠቀመው ካሉ ደግሞ ተፈጭቶ ዓመት የከረመውን ይምረጡ፤ ፍሬው በዕለቱ ሲወቀጥ ሽታው ቤት ይሞላል፣ እርስዎም ጎረቤት ሁሉ ይመጣብዎታል።

ዲሴምበር 13 በሚከበረው የሉሲያ በዓል ስዊድኖች ዳቦውን በሳፍሮን ቢጫ ያደርጉታል፤ እየጠማዘዙ ጫፍና ጫፉ ላይ ዘቢብ ይሰኩበታል። ሳፍሮን ውድ ነው። እርድ ርካሽ ነው። ቀለሙ አያሳፍርም፤ ሽታው ብቻ አልጫ አልጫ ይላል።

ትንንሾቹን ዳቦዎች በ225 ዲግሪ አሥር ደቂቃ ሳይሞላቸው አውጥተው፣ እንዲለሰልሱ ንጹህ ጨርቅ ያለብሷቸዋል። እርስዎ በ150 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ይተዉት። ጨርቁንም ይርሱት፤ መስኮት አጠገብ ነፋስ ይምታው። ቢደርቅ አይደንግጡ፤ ስዊድኖችም የተረፋቸውን ዳቦ ለሁለት ሰንጥቀው በለስላሳ እሳት ያደርቁና ስኮርፖር ብለው ቡና ውስጥ እያጠቀሱ ይበሉታል። «ከመጀመሪያውም ስኮርፖር ነበር ያሰብኩት» ይበሉ። እዚያ አገር የኖረ ሰው አጠገብዎ ካለ ግን ይህን ባይሉ ይሻላል።

የቀረው የእንግዳ ምርጫ ነው። ብሉልኝ ብሎ መለመን ጥሩ አይደለም። የስዊድኑ ንጉሥ አዶልፍ ፍሬድሪክ በ1771 ከተትረፈረፈ እራት በኋላ ሴምላ የሚባለውን፣ ከዚሁ ሊጥ ወገን የሆነውን ዳቦ በትኩስ ወተት በልቶ በዚያው ምሽት አርፏል፤ ያውም በቤተ መንግሥት የተጋገረውን። ስለዚህ ስቶክሆልም የሚኖሩ ከሆነ ለሉሲያ ቀን ጾመኛ ወዳጅዎን ይጥሩ። በዓሉ ምንጊዜም የነቢያት ጾም ውስጥ ይውላል፤ ዳቦው ወተትም፣ ቅቤም፣ ከላይ የተቀባ እንቁላልም አለበት። ወዳጅዎ አይነካውም። «ሽታው ራሱ ያጠግባል፣ እጅሽ ይባረክ» ብሎ መርቆ ይሄዳል።