ከሠላም ታ ጋር

አገሩ ሁሉ ፒዲኤፍ ይልካል፤ አገሩ ሁሉ ደግሞ ዎርድ ይጠይቃል። ደብዳቤው ሲወለድ በዎርድ ነው። ጸሐፊዋ በዎርድ ጻፈችው፣ አለቃዋ በዎርድ አረሙት፣ ከዚያ “እንዳይነካካ” ተብሎ ፒዲኤፍ ሆነ። በማግስቱ ያው ደብዳቤ እኔ ዘንድ ይመጣና “ወንድሜ፣ ቀኑን ብቻ ነካ አድርገህ መልስልን” ይባላል። ዎርዱስ? “ጸሐፊዋ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት።” ዎርዱም አብሯት ፈቃድ ወጥቷል ማለት ነው።

ስለዚህ እኔም እንደ ሰዉ ፍላሼ ላይ ፒዲኤፍን ወደ ዎርድ የምትመልስ አንዲት መቀየሪያ ይዤ እዞራለሁ፤ ያቺ ኢንስቶል የማትደረገዋን፣ “ፖርተብል” የሚሏትን። መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ አንድ ነገር ለመጫን የአይቲው ልጅ ፓስዎርድ ያስፈልጋል፤ የአይቲው ልጅ ደግሞ በተፈለገ ቁጥር “አሁን እዚህ ነበር” ነው። ይቺ ግን ማንንም አታስፈቅድም። ሁለቴ ጠቅ ሲያደርጓት ትነሳለች፣ ፍላሹ ሲነቀል አብራ ትወጣለች፣ የዊንዶውስ መዝገብ ላይ ስሟን አታሰፍርም፤ ውል ያልተዋዋለች ተከራይ በሏት። ከማን እንዳገኘኋት አትጠይቁኝ። እንዲህ ያለው ነገር ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይጋባል እንጂ ዘሩ አይቆጠርም። አንቲቫይረሱ ባያት ቁጥር ይጮኻል፤ ሁላችንም “ተወው፣ አመሉ ነው” እንላለን።

መቀየሩንስ ትቀይራለች። የቀየረችውን ግን እዩልኝ! የመሥሪያ ቤቱ አርማ ወርዶ “ጉዳዩ፦” ላይ ተጋድሟል። “ግልባጭ” ከነተቀባዮቹ ወደ ላይ ወጥቶ ከቀኑ ጎን ተሰልፏል። “ከሠላምታ ጋር” ለሁለት ተሰንጥቆ “ከሠላም” አንድ ሳጥን ውስጥ፣ “ታ ጋር” ሌላ ሳጥን ውስጥ ገብቷል። ላቀራርባቸው ብዬ አንዴ ኢንተር ብነካ ሰንጠረዡ ወደሚቀጥለው ገጽ ተሰደደ።

እሷም ቢሆን አይፈረድባትም። አዶቢ በ1993 ፒዲኤፍን ሲያወጣ ሐሳቡ ገጹ በየትኛውም ማሽን ላይ መልኩን እንዳይለውጥ ነበር። ውስጡ ብዙውን ጊዜ “ይህን ቅርጽ እዚህ ነጥብ ላይ አስቀምጥ” ከሚል ትእዛዝ በቀር አንቀጽ ብሎ ነገር የለም። መቀየሪያዋ ርቀት እየለካች “ይሄ መስመር ይሆናል፣ ያ ሰንጠረዥ ሳይሆን አይቀርም” ትላለች። “ታ” ትንሽ ራቅ ብላ ከተገኘች አለቀላት።

መልኩስ ይበላሽ፤ ፊደሉስ? ነገር ከተነሳ አይቀር፣ አማርኛ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ አንድ ፎንት የነበረው ቦታ ቢበዛ 256 ነበር። የእኛ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ናቸው። እነ “ሏ”ና “ቋ” ሲጨመሩ፣ ቁጥሩ ሲመጣ፣ አራት ነጥቡ “እኔስ?” ሲል ቦታው አልበቃ አለ። አንዱ ፎንት ለሁለት ፋይል ተከፈለ። ሌላው፣ የድሮው የጽሕፈት መኪና ያደርግ እንደነበረው፣ ገላውንና ቅጥያውን ለየብቻ አድርጎ ገጣጠመ። ሁሉም ግን የሰፈሩት በላቲን ፊደል ኮድ ላይ ነው፤ ያውም እያንዳንዱ ሠሪ በራሱ አደላደል፣ የአንዱ “ለ” ለሌላው “መ” እየሆነ። ዓይናችን “ለ” ብሎ ሲያነብ፣ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ባርኔጣ የደፋ የፈረንጅ “ኤ” ነው። ስለዚህ መቀየሪያዋ ደብዳቤውን ስታወጣው የዶላር ምልክት፣ ባርኔጣና ነጥብ ይዘንብበታል።

ይህ የድሮ ታሪክ ቢሆን ዝም ባልኩ። ፊደላችን፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እኮ በፈረንጆቹ 1999 ነው! ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ መጥቷል። ዛሬ እማማ እንኳ ቴሌግራም ላይ በአማርኛ ይመርቃሉ። ታዲያ ዘንድሮም በዚያ አሮጌ ፎንት የሚጽፍ ቢሮ ምን ይባላል? ለምን ብዬ ብጠይቅ “ለዓይን ያምራል” አሉኝ። ያምራል! የሰው የቤት ጉዳይ፣ የጡረታው፣ የይግባኙ ጉዳይ እየተጻፈ፣ ባለጉዳዩ የገዛ ስሙን ፈልጎ የማያገኝበት ሰነድ ለማን ነው የሚያምረው? ፋይሉ አለ፣ ቃሉ ግን የለም። ማስረጃ ብሎ ማስቀመጥና ቀብሮ ማስቀመጥ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?

ደግነቱ የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ አለች። ገጹን አንዴ ገረፍ ታደርገውና፣ ከጓደኛዋ ጋር ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ እንደ አዲስ ትተይበዋለች፤ “ታ” እንኳ አትጠፋትም።

እውነቱን ለመናገር ያ አሮጌ ፎንት ያምራል፤ በተለይ የሠርግ ጥሪ ላይ፣ ያ ጅራቱን የሚያንዘላዝለው። ካርዱም ዘንድሮ በፒዲኤፍ ሆኗል።