የገዛ ማሽኑ ጭሰኛ

የመካነ ሰላም ገጣጣሚ ምስጋና ይገባዋል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ባለባት ከተማ እንዲህ ያለ እጀ ብልህ ወጣት አይጠፋም። ማዘርቦርዱን ከአዲስ አበባ፣ ራሙን ከደሴ ያስመጣል፤ ዕቃው በአቀስታ በኩል ከጆንያ ጋር ሲንገጫገጭ ወሎ ቦረና ይደርሳል። ፕሮሰሰሩን በእጁ ያስቀምጣል፣ ብሎኑን ያጠብቃል፣ ገመዱን አንድ በአንድ ይሰካል። ማሽኑ ጢጥ ብሎ ሲነሳ ከኪሱ ፍላሽ ያወጣና ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ይጭንበታል። ትሕትናው ያስቀናል፤ ሁሉን ራሱ ሠርቶ ሲያበቃ ቁልፉን ለማይክሮሶፍት መቀመጫ፣ ለሬድመንድ ያስረክባል።

ልማዱ የዘር ሐረግ አለው። በ1975 እ.ኤ.አ. አልቴር 8800 የተባለው፣ ቤት ውስጥ የሚገጣጠመው ኮምፒውተር ሲወጣ፣ አሜሪካውያን ገጣጣሚዎች ቤዚክ የተባለውን የማይክሮሶፍት የፕሮግራም ቋንቋ እየገለበጡ ይቀባበሉት ነበር። ቢል ጌትስ በቀጣዩ ዓመት ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ በስርቆት ከሰሳቸው፤ ከእነሱ ያገኘው ገንዘብ ለድካሙ ሲካፈል በሰዓት 2 ዶላር እንደማይሞላም አማረረ። እኛም የኮምፒውተር ፕሮግራምን የሚጠብቅ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለን። ወደ ፎርማት ቤቱ የሚያደርስ መንገድ ግን ገና አልተጠረገለትም።

ጥበቡ በኮምፒውተር ብቻ መቅረቱ ያሳዝናል፤ እርሻውም ሊማረው ይገባል። ገበሬው ሞፈሩን ይጥረብ፣ ቀንበሩን ያለዝብ፣ ድግሩን ያስተካክል፤ በሬዎቹን ግን ከሬድመንድ ይከራይ። በሐምሌ፣ ዘሩ በእጁ እንዳለ፣ በሬዎቹ ትልሙ መሀል ይቁሙና «በመታደስ ላይ፤ 37 በመቶ፤ ቀንበሩን እንዳትፈታ» ይበሉት። ዝናቡ እንደሆነ ይታገሣል። ሞፈሩ ተሰብሮ ሲለውጠው ደግሞ «ይህን እርሻ አናውቀውም» ብለው ይተኙ፤ ከአንድ ማዘርቦርድ ጋር የተጋባ የዊንዶውስ ፈቃድም ማዘርቦርዱ ሲለወጥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ኪራዩን ካልከፈለ በቀኙ በሬ ታፋ ላይ «በሬዎን አክቲቬት ያድርጉ» የሚል ጽሑፍ ይውጣ፤ ገበያተኛው ሁሉ እያነበበ ይለፍ። መፍትሔም አይጠፋም። አንድ ስሙ የማይታወቅ ደግ ሰው በሌሊት መጥቶ በነጻ ይፈታለታል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ውሻህን እሰርልኝ፤ የበረቱንም በር አትዝጋ።» «ክራኩን ስትጭን አንቲቫይረሱን አጥፋ» ማለት ሌላ ትርጉም የለውም። ሲነጋ በሬዎቹ በቦታቸው አሉ። በጎቹ ግን ሾርትከት ሆነዋል።

«አፕዴቱንም ዝጋው፤ ክራኩን ያበላሸዋል» የሚለው ምክር ከወርቅ ይበልጣል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍ፣ መድኃኒቱ በአፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር።

በሕጋዊ መንገድ ልግዛ ለሚል ጨዋም መንገዱ አጭር ነው። ዊንዶውስ 11 ሆም 139 ዶላር ነው። ስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል ወይም አቻውን፣ ከዚያም ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ክፍል ይሻል። ሲጫን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል፤ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት መቋረጡን የነገረው የለም። «እኔስ በዊንዶውስ 10 እቆያለሁ» ያለውም መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቶበታል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ፍላሹን አንድ ቢሮ ሰክቶ የሦስት ወር ሥራው በቫይረስ ሾርትከት ሆኖ ስለተመለሰለት ትዕግሥቱ አልቋል። ይህ ድህነት አይደለም፤ ስንፍና ነው። ሊኑክስ ከ1991፣ ኡቡንቱ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ አለ። የኡቡንቱ ባለቤቶች እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን በፖስታ፣ ያለ ክፍያ ይልኩ ነበር። ገልብጦ ለጎረቤት ማቀበልን ፈቃዱ ራሱ ይፈቅዳል፤ ውሻ ማሰር አያስፈልግም።

«የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ አይሠራበትማ!» ይባላል። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል ሰሌዳ ውስጥ ከገባ፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ልጅ ተወልዶ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። የአማርኛ ኪቦርዱም ከሊኑክሱ ጋር አብሮ ይመጣል።

አንድ ወጣት ግን በስንት ልመና ኡቡንቱ ጫነ። በሳምንቱ ደወለ፤ ድምፁ ተጨንቋል። «ጋሼ፣ ያቺ ከታች በቀኝ በኩል ‹አክቲቬት› የምትለው ጽሑፍ እስካሁን አልመጣችም። ተበላሸ እንዴ?»