«ተገናኝቷል» ይላል

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ቡራዩ አሸዋ ሜዳ ከውሻ ጩኸት በቀር ድምፅ የለም። ስክሪኔ ላይ አረንጓዴ ምልክት በርቶ «ተገናኝቷል» ይላል። ጆሃንስበርግ ያለው የደንበኛችን ኔትወርክ ኔዘርላንድ ካለው ኔትወርኩ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። አንዲት የዳታ ፓኬት ግን አታልፍም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሞከርኩ፣ አታልፍም።

ይህ ቃል ሰልችቶኛል። የግቢያችን ቧንቧም ተገናኝቷል፤ ቆጣሪ አለው፣ ቢልም ይመጣል። የገፈርሳ ግድብ እዚሁ አጠገባችን ተኝቶ አዲስ አበባን ሲያጠጣ ስንት ዘመኑ ነው፤ እኛ ሰፈር ግን ሰው ሁሉ የውሃዋን ቀን እየጠበቀ ጀሪካን ይደረድራል። የኢንተርኔት መስመራችንም ተገናኝቷል። ሞደሙ ይበራል፣ ገጹ አይከፈትም። ደውለህ ስትጠይቅ «በእኛ በኩል መስመርዎ እየሠራ ነው» ይሉሃል። አንተ ጋ እንደማይደርስ ለማስረዳት ሌላ ግማሽ ሰዓት ትቆማለህ።

ሥራውን ለማያውቅ ላስረዳ። ሎድ ባላንሰር የታክሲ ተራ አስከባሪ ማለት ነው፤ የመጣውን ጥያቄ ሁሉ ተቀብሎ ከኋላው ከተሰለፉት ሰርቨሮች ወደ አንዱ ይመራዋል። ሁለት ሪጅን (የክላውዱ ዳታ ማዕከላት ያሉበት አካባቢ) ውስጥ ያሉ ኔትወርኮችን ፒሪንግ በሚባለው መስመር የምናገናኘው የወዲያኛዎቹ ሰርቨሮች ይህን ተራ አስከባሪ በአድራሻው ጠርተው እንዲገለገሉ ነው። በማይክሮሶፍት አዙር ላይ ግን ተራ አስከባሪው በዋናነት ሁለት ዓይነት ነበር፤ ቤዚክና ስታንዳርድ። የውስጡ (ለኢንተርኔት ያልተጋለጠው) ቤዚክ ከሌላ ሪጅን በፒሪንግ የመጣውን አያስተናግድም ነበር። ሰርቨሮቹን አንድ በአንድ ብትጠራቸው አቤት ይሉ ነበር፤ በተራ አስከባሪው አድራሻ ስትጠራ ዝም። ይህ በሰነዱ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ሰነዱን ሳያነብ ርካሹን መርጦ፣ «አገናኝቻለሁ» ብሎ ክፍያውን ተቀብሎ የሄደ ሰው ግን ስንት ነው! እሱ የተወውን ሌሊት ሌሊት የምንፈታው እኛ ነን።

ማይክሮሶፍት ቤዚኩን ከመስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. በኋላ እንደሚያቋርጥ ቀድሞ አስታውቆ ስለነበር ወደ ስታንዳርድ መዛወር ግድ ነበር። ስታንዳርዱ ከሌላ ሪጅን የመጣውንም ያስተናግዳል፤ ነገር ግን ለኢንተርኔቱ በሩ ዝግ ሆኖ ነው የሚወለደው። ከውጭ ማን እንደሚገባ ደንብ ካልጻፍክለት ከዚያ ማንንም አያስገባም። በውስጡ ስታንዳርድ ሥር የተሰለፉ ሰርቨሮችም መውጫ ለብቻ ካልተሠራላቸው ወደ ኢንተርኔት መውጣት ያቅታቸዋል፤ ትናንት ኤስኤምኤስ ሲልክ የነበረው ሲስተም ዛሬ ጠዋት ድምፁ ይጠፋል፣ ደንበኛውም «ምን ነካችሁብኝ?» ብሎ ይደውላል።

የዚያች ሌሊት ጣጣም የመጣው ከደንብ ነበር። ተራ አስከባሪው ሰርቨሮቹ ደህና መሆናቸውን በየጥቂት ሰከንዱ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም 168.63.129.16 ከሚባል አድራሻ ነው። ከእኛ በፊት የነበረ ሰው የሚመጣውን ሁሉ የሚከለክል ደንብ ከላይ ጽፎ ጠያቂውንም አብሮ ዘግቶታል። ጤነኛ ሰርቨሮች በሙሉ እንደሞቱ ተቆጥረው ከሰልፍ ወጡ። ፒሪንጉ ግን ያው አረንጓዴ ነው።

ደግሞ ሦስተኛ ኔትወርክ ሲጨመር የሚመጣ ጣጣ አለ፤ በእኛው ሰፈር ምሳሌ ላስረዳ። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ሸገር ከተማ ተብለው በአንድ አስተዳደር ሥር ገቡ። በታክሲ ከቡራዩ ሱሉልታ የሚሄድ ሰው ግን አሁንም አዲስ አበባ ገብቶ፣ ተሰልፎ፣ እንደገና ይወጣል። ክላውዱ ከዚህም ይብሳል። የቡራዩ ኔትወርክ ከአዲስ አበባው፣ የአዲስ አበባውም ከሱሉልታው ቢገናኝ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አይተዋወቁም። ሁለቱን በቀጥታ ካላገናኘህ ወይም መሃል ላይ እንደ ፋየርዎል ያለ አሳላፊ አቁመህ መንገዱን በሁለቱም ጫፍ ካላበጀህ የሚያሻግር የለም። ሁሉም ኔትወርኩን 10.0.0.0 ብሎ ጀምሮ አድራሻቸው ከተደራረበማ ፒሪንጉን መፍጠርም አይቻልም። ይህን ሁሉ ለአለቃ ስታስረዳ «ተገናኝቷል አይደል? ታዲያ ምን ቀረ?» ይልሃል።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አላወራም። ከሪጅን ሪጅን የሚያልፍ ዳታ በሁለቱም ጫፍ፣ ሲወጣም ሲገባም፣ በዶላር ይታሰባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ ኔትወርኩ ላይ አንድም ነገር ሳይጨምር ሂሳቡ የናረበት ደንበኛ የሚቆጣው በእኛ ላይ ነው።

ባሕር የሌለን ሰዎች ነንና ወደ ሁለቱም ሪጅኖች የምንገባው በጎረቤት አገር በኩል ነው። ጳጉሜ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጅዳ አጠገብ ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ሲቆረጡ ማይክሮሶፍት ራሱ በመካከለኛው ምሥራቅ የሚያልፈው ትራፊክ እንደሚዘገይ አስታውቋል። እንዲህ ባለ ሰሞን ቡራዩ ተቀምጦ አንዲት ትእዛዝ ጽፎ መልሷን መጠበቅ ጥርስ ያስነክሳል።

ሰበታ የሚኖረው የሥራ ባልደረባዬ ደወለ። «አንተ ጋ መብራት አለ?» ነው መጀመሪያ የሚለው፤ ሰላምታችን እሱ ሆኗል። እኔ ጋ ነበር፣ እሱ ጋ ጠፍቷል፤ ላፕቶፑ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። በሃያ ደቂቃው ደንቦቹን አንድ በአንድ እያነበበልኝ ያንን ክልከላ አገኘነው፤ ስልኩም ተቋረጠ።

ሎድ ባላንሰሩ መልስ የሰጠው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በሩን ስከፍት ግቢው ረጥቧል፤ ውሃዋ መጥታ ሄዳለች። ጎረቤቴ እማማ የእኔን ሁለት ጀሪካን ሞልተው ደጃፌ ላይ አስቀምጠውልኛል።