ብልሃት አላት

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ስለ ሞተሩ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ ስለ ቁልፉ ሲጠየቅ ግን ወሬ ይቀይራል። የኔዋ ቮልስ ፍሪሲዮኗ ደህና ነው፣ ካምቢዮዋ ደህና ነው፣ ቦሎዋም በሰዓቱ ይታደሳል። በሯን ለመክፈት ግን ቁልፉን እስከ መጨረሻው ማስገባት፣ ከዚያ የጥፍር ውፍረት ያህል ወደ ኋላ መሳብ፣ በግራ እጅ እጀታውን ወደ ላይ መደገፍ፣ ትንፋሽ መያዝና ቀስ አድርጎ ማዞር ያስፈልጋል። የሸጠልኝ ሰው ሊብሬውን ባስረከበኝ ቀን ይህን ሁሉ አሳይቶኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ብልሃት አላት» አለኝ። ዋጋ ስንከራከር ግን ስለ ብልሃቷ ትንፍሽ አላለም።

በዚህ አገር «ብልሃት አለው» የማይባልለት ዕቃ ያለው ሰው ካለ እጁን ያውጣ። የመታጠቢያ ቤታችን በር ብልሃት አለው፤ በትከሻ እየተገፋ ነው የሚቆለፈው። ቡታጋዙ ብልሃት አለው። የውሃ ቆጣሪው ሳጥን ብልሃት አለው፤ ብልሃቱን የሚያውቀው ተከራይ ግን ቤት ለቆ ሄዷል። እንግዳ ሲመጣብን ቡናው እስኪፈላ አጭር ሥልጠና እንሰጠዋለን።

ነገሩን ትቼ መኖር እችል ነበር። ሚስቴም ይህንኑ ነው የምትለው። ሆኖም ሰበታ ገበያ መሀል፣ ዝናብ እየወረደ፣ የመኪናዬን በር እንደ ሌባ ስታገል አላፊ አግዳሚው ቆሞ ሲያየኝ አንገሸገሸኝ። አንዱ ወጣት ቀረብ ብሎ «ጋሼ፣ ልርዳዎት?» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ግን መርዳት ሳይሆን መጠርጠር ነበር።

የሰበታው ቁልፍ ቀራጭ ቁልፌን አገላብጦ አየና «የዚህ ባዶ ቁልፍ ያለው ቡራዩ ነው» አለኝ። ቡራዩና ሰበታ እንግዲህ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከሱሉልታ ጋር በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ፣ በወረቀት አንድ ከተማ ናቸው። በጎማ ሲሆን ግን አንዱ በጅማ መንገድ ነው፣ አንዱ በአምቦ መንገድ፣ አንዱ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ። ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ለመሄድ እንደኔ ያለው ሰው በአየር ጤና አዲስ አበባ ይገባል፣ ይጨናነቃል፣ ያረጃል፣ በአስኮ ይወጣል።

ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ አካባቢ፣ በጃንጥላ ሥር የተቀመጠው ልጅ ማሽን ነበረው። ማሽኑን ቀረብ ብዬ አየሁት። በአንድ በኩል አሮጌው ቁልፍ ይታሰራል፣ በሌላው በኩል ባዶው፤ አንዷ ጣት የአሮጌውን ጥርስ እየዳሰሰች ስትሄድ ከጎኗ ያለው መቁረጫ ባዶውን በዚያው ልክ ይበላዋል። ልጁ ከጨረሰ በኋላ ቁልፉን ወደ ብርሃን አንሥቶ በአንድ ዓይኑ አየው፣ በሞረድ ሁለቴ ነካ ነካ አደረገው፣ እፍ አለበት፣ ሱሪው ላይ ጠረገውና ሰጠኝ። አዲሱ ቁልፍ ከአሮጌው የከፋ ሆኖ ተገኘ።

እንዴት አይከፋ! በመኪና በር ቁልፍ ቤት ውስጥ የተደረደሩ ስስ የነሐስ ዝርግ ቁራጮች አሉ፤ እያንዳንዷ የራሷ ጸጉር የምታክል ሞላ አላት። ቁልፉ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዷን በልኳ ያነሷታል፤ ሁሉም እኩል ሲሆኑ ይዞራል፣ አንዷ ከፍ ወይም ዝቅ ካለች አይዞርም። የኔ ቁልፍ ደግሞ ስንት ባለቤት ኪስ ውስጥ ከሳንቲም ጋር ሲፋጭ የኖረ ነው። ማሽኑ ያን ሁሉ እርጅና በታማኝነት ይገለብጣል፣ የራሱንም ስህተት ይመርቅበታል። የሚቀጥለው ባለቤት ደግሞ ይህንኑ ቅጂ ያስቀዳል።

መፍትሔው ይታወቃል። በብዙዎቹ አሮጌ ቮልሶች ላይ የቁልፉ ቁጥር የበሩ እጀታ ሲፈታ ከሚታየው ብረት ላይ ተመትቶበታል። ቁጥሩ ለእያንዳንዱ ጥርስ ፋብሪካው የሰጠውን ጥልቀት ይነግራል፤ በዚያ ልክ የተቆረጠ ቁልፍ የማንንም እርጅና አይወርስም። ይህን ለልጁ በዝርዝር አስረዳሁት። በትዕግሥት አዳመጠኝና «ጋሼ፣ ማሽኑ እኮ ቁጥር አያነብም» አለኝ። ከዚያ አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ሱሉልታ አንድ የድሮ ሰው አለ፣ ቮልስ ያውቃል» ብሎ ሸኘኝ።

ከአዲሱ ገበያ በላይ ያለውን ዳገት ስወጣ ቮልሴ ትኮራለች። ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ፣ ራዲያተራቸው ፈልቶ ኮፈናቸውን ከፍተው የቆሙትን እያየች ታልፋለች። ታዲያ እዚያ ዳገት ላይ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሰው ማሰብ የማይገባውን ሁሉ ያስባል። እኔ ያሰብኩት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ያን ቀን ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥታቸው የወሰደቻቸው ቮልስዋገን ነበረች። ሮልስ ሮይስ የነበራቸው ንጉሠ ነገሥት፣ የፊት ወንበር ታጥፎላቸው ከኋላ ገቡ። ስለዚያ ቀን ፖለቲካ መደርደሪያ ሙሉ ተጽፏል፤ ስለ በሩ ግን ማንም አልጻፈም። የቮልስን በር የሚያውቅ ሰው ይህ ግድፈት ያስቆጨዋል። የመኪናዋ አካል አየር ስለማያስወጣ፣ መስኮቱ ጥቂት ካልወረደ በሩ በደንብ አይገጥምም። ታዲያ ከወታደሮቹ አንዱ «መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርገው» ብሎ ይሆን? ቁልፉስ በመጀመሪያው ዞረ? ወይስ አንድ የደርግ መኮንን በዚያ በታሪክ ደቂቃ ዘውዱን በአንድ ወገን፣ አብዮቱን በሌላ ወገን አቁሞ እጀታውን ወደ ላይ እየደገፈ ታግሏል? «ብልሃት አላት፣ ጌታዬ!» ያለ ሾፌርስ አልነበረም? ቁልፉ ዛሬ የት ነው ያለው? ሙዚየም ሲጎበኝ ዘውድ ብቻ የሚያይ ሰው ይገርመኛል።

ከዚያ በፊት የነበሩት መኪኖች ይሻሉ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ለአጼ ምኒልክ የመጣችው የመጀመሪያዋ መኪና በማንቬላ የምትነሣ ነበረች። ሞተርን ቁልፍ በማዞር ብቻ ማስነሣትን ክራይስለር ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ነው የሰው ልጅ ጠዋት ጠዋት ኪሱን መዳበስ የጀመረው።

የሱሉልታው የድሮ ሰው በእርግጥ የድሮ ሰው ነበሩ። ቁልፍ ቤቱን በካቻቪቴ ፈልቅቀው አወጡት፣ በቤንዚን አጠቡት። ውስጡ የተቃጠለ ዘይትና የሱሉልታ አቧራ ተላቁጦ ጭቃ ሆኖ ነበር፤ ቁልፍ ቤት ላይ ዘይት የሚያፈስ ሰው ይህን ቢያይ የእርሳስ ብናኝ ይበቃው ነበር። እስከዚህ ድረስ እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም። ከዚያ በፒንሳ እነዚያን የነሐስ ቁራጮች አንድ በአንድ እየነቀሉ የለስላሳ ቆርኪ ውስጥ ያስቀምጡ ጀመር። ሁለት ሲቀሩ ገጠሙት። «በል ሞክረው፣ ልጄ» አሉኝ። በአንድ ጣት ዞረ። በቤቴ ጓጉንቸር ቁልፍ ሞከርኩት፣ ዞረ። በእሳቸው መሳቢያ ቁልፍም ዞረ።

«አባቴ፣ የወጡትስ?» አልኳቸው።

«ትርፍ ናቸው።»

ትርፍ! እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት፤ አሁንም ስጽፈው ደሜ ይፈላል። ከ21 ሚሊዮን በላይ እንደኔዋ ያለች ቮልስ የሠሩ ሰዎች፣ የመጨረሻዋን በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ የገጣጠሙ ሰዎች፣ ያን ሁሉ ዘመን ትርፍ ነሐስ ሲያስገቡ ኖሩ ማለት ነው! ሞተር ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል፣ የእጅ ፍሬን ሲይዝ ገመዱን መፍታት፣ ኳድሮ ላይ መብራት ሲበራ አምፖሉን መንቀል፤ ይህ ጥገና ተብሎ ይከፈልበታል። አስቸጋሪ የሆነውን ሁሉ ማስወጣት፣ የቀረውን «ተስተካክሏል» ማለት። ቁልፍ መሆኑ ያስቸገረውን ቁልፍ፣ ቁልፍነቱን ወስደንለት ገላገልነው! ስንት ነገር ነው በዚህ አኳኋን የተገላገልነው? ጋራዥ ውስጥ ብቻ ቢሆን ምናለበት!

ሰውየው ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ቆርኪው ውስጥ ያሉትን ቁራጮች በሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልለው ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝ፣ ሻይ አዘዙልኝ፣ ሒሳቡንም ቀነሱልኝ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ይሄ የበር ቁልፍ እንዴት ያስቸግር እንደነበር፣ ሰዎች ክብሪት እየጫሩ ቁልፍ ያሞቁ እንደነበር አጫወቱኝ። ሞተር ማስነሻውን ግን አልነኩትም፤ እሱ አሁንም ወደ ውስጥ እየተጫነ ካልሆነ አይዞርም። ስለዚህ ሌባ ይገባል እንጂ ይዞ አይሄድም። ቢበዛ ከዝናብ ይጠለላል።

ጎረቤቴ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል፤ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በየሰፈሩ በዝተዋል። በስልኩ ነው የሚከፍተው። ባለፈው ስልኩ ባትሪ ጨርሶበት ደጁ ላይ ቆሞ አገኘሁትና ብልሃት እንዳላት ጠየቅኩት። አልሳቀም።

ጫንጮ አንድ ሰው ኬሻ ሙሉ የድሮ ቁልፍ አለው ብለውኛል የሱሉልታው አባት። እሄድ ነበር፤ መጀመሪያ ግን ትርፍ ጎማዋ መነፋት አለበት። የመስታወት ማጠቢያዋ ውሃ የሚረጨው ከትርፍ ጎማው በሚመጣ አየር ነው፤ ጎማው ከተነፈሰ በዚያ ጭቃ ምንም አይታይም። የጎማ ነፊው ልጅ ደግሞ ትርፍ ጎማው ላይ ቱቦ ተሰክቶ ባየ ቁጥር «ጋሼ፣ ይሄ ትርፍ ነገር ነው፣ ልንቀለው?» ይለኛል።