መረጃ ሰጪ፣ ወንድ፣ 78

ሰባ ስምንት ዓመት የጥኖራ መንደር ኖሬ፣ ቅጠሉን ቀጥፌ፣ ሥሩን ምሼ፣ አሁን በስተርጅና የልጄ ልጅ ግራዋን ሊያስተዋውቀኝ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ይማራል። እኔ ለመስቀል መጣልኝ ብዬ ሙክት ሳማርጥ፣ እሱ ስልኩንና የአሮጌ ጋዜጣ እስር ይዞ ከች አለ። ጓሮ ገብቶ ስልኩን ደቀነና “አባባ፣ ይኼ ቬርኖኒያ አሚግዳሊና ይባላል” አይለኝም! ጋኑን ሁሉ ስናጥብበት የኖርነውን! እኔና ግራዋ የተዋወቅነው እናትህ ሳትወለድ ነው አልሁት።

አበባማ አይነሣ። ማሳ ዳር ቢጫ ያየውን ሁሉ አደይ ይለዋል፤ ግማሹ መች ነው። “አበባውን ተወውና ቅጠሉን እየው” አልሁት። “የአደይ ቅጠል የተበጣጠሰ ነው፤ የመች ግን አንድ ወጥ ነው፣ ሲዳስሱት ይሻክራል።” ዳሰሰው፤ እጁን ሰብሰብ አድርጎ ዳግመኛ ዳሰሰው፤ ከዚያ ጻፈ። ለካ ይኼን ያህል ዘመን ተምረው መዳሰስ ላይ አልደረሱም።

የሰበሰበውን በጋዜጣ መካከል ዘርግቶ ያደርቀዋል። ጋዜጣው እርጥበት እንዳይዝ በየቀኑ ይቀየራል፤ ከላይ ከባድ ነገር ይጫንበታል። ከባዱ ነገር እኔ መሆኔን የነገረኝ ግን የለም። መደቤ ላይ ከቁርበቱ ሥር አንጥፎት ኖሮ፣ ሌሊት ሳማው ከጋዜጣው ሾልኮ ወገቤን ሲለበልበኝ እባብ መስሎኝ መንደሩን ቀሰቀስሁት። ልጁ በባትሪ መጥቶ ሳማውን አየና “እንኳን አልተጨማደደ” አለ።

ይኼን ሁሉ እችለው ነበር። የማልችለው ወረቀቱን ነው። ለእያንዳንዱ ዕፅ የተገኘበት ቦታ፣ ቀኑ፣ ከፍታው፣ የአገሬው ስም ይጻፋል። ሰብሳቢ በሚለው ላይ የእሱ ስም ከነአባቱ። እኔስ? “መረጃ ሰጪ፣ ወንድ፣ 78።” በደርግ ጊዜ የጥኖራ ሞዴል የገበሬዎች ማኅበር ተብላ በየሬዲዮው ስትወደስ እንኳ መዝገቡ ላይ በስሜ ነበርሁ!

“የጥናት ደንብ ነው አባባ፣ የሰው ምስጢር ለመጠበቅ ነው” ይለኛል። ደንቡን አውቀዋለሁ። ጀምስ ብሩስ የሚሉት ስኮትላንዳዊ፣ ያ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ የደረሰው፣ ተቅማጥ ሲያጣድፈው በዋጊኖስ ዳነ። ተክሉ በፈረንጅ መዝገብ “ብሩሲያ” ተባለለት። ዋጊኖስን ያሳየው ያገሬ ሰውስ? እሱም መረጃ ሰጪ፣ ወንድ ይሆናላ።

እርግጥ እኛም ንጹሕ አይደለንም። መድኃኒት አዋቂዎቻችን ሥር የሚምሱት ሰው ሳያያቸው፣ ጎሕ ሳይቀድ ነበር። ስሙ ከተነገረ ይረክሳል እያሉ ስንቱን ይዘውት መቃብር ወረዱ። ሊቃውንቱ ግን እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 ለፍተው የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት፣ ስድስት ሺህ ያህሉን፣ በስምንት ቅጽ ጻፉ። እሰየው። በእንግሊዝኛ ነው እንጂ! ግራዋ እንግሊዝኛ ሲገባው እኔ ቀረሁ።

ትናንት ደግሞ ከአጥሩ ሥር አንዲት ቀጭን፣ ሐምራዊ አበባዋ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ነገር ነቅሎ “ይቺስ?” አለኝ። ገለባበጥኋት። አሸተትኋት። “አረም ናት” አልሁ። ሊጽፈው ብዕሩን ሲያነሣ ባለቤቴ ከእልፍኝ ብቅ አለች።

“አንተ ሰውዬ፣ አቱች አይደለችም እንዴ! ሆድህን በቆረጠህ ቁጥር ጨምቄ የማጠጣህ ምን መስሎህ ነው?”

ሃምሳ ዓመት ሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምጠጣው፤ ይመራላ። ልጁ አረሟን ሰርዞ አቱች ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም “መረጃ ሰጪ፣ ሴት፣” ብሎ ቀና አለ።

ስሜን ለምን አትጽፍም ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ ቀሚሷን አስተካከለችና “ስድሳ ሁለት በል” አለችው።